ራዳር ሲያይ ይሰማል፦ የጦር መርከቦች የጠላትን ራዳር ያደመጡበት መንገድ

በኦክቶበር 2016 ሜሰን የተባለው የአሜሪካ የጦር መርከብ በባብ ኤል መንደብ አቅራቢያ ሲጓዝ ከየመን ጠረፍ ሚሳኤል ተተኮሰበት። ሚሳኤሎቹ አልመቱትም። ኦክቶበር 13 ላይ ኒትዝ የተባለ ሌላ የአሜሪካ መርከብ በቶማሃውክ ሚሳኤል መልስ ሰጠ። የተመረጡት ዒላማዎች በጠረፉ ላይ የነበሩ ሦስት የራዳር ጣቢያዎች ነበሩ። በጃንዋሪ 2024 ደግሞ ካርኒ የተባለው መርከብ በዚያው አገር አንድ የራዳር ጣቢያ መታ። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ራዳሩ ቀድሞ የሚመታበት ምክንያት ግልጽ ነው። ያለ ራዳር ሚሳኤል ተኳሹ መርከቡ የት እንዳለ ለማወቅ ይቸገራል። ራዳር ግን አንድ ትልቅ ድክመት አለው። ለማየት መብራት አለበት፤ ሲበራ ደግሞ የሚፈለገው መርከብ ይሰማዋል።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል ያልፋል። ከሜዲትራኒያን የሚመጣው ዕቃ ጅቡቲ ለመድረስ በዚያች ጠባብ በር፣ በባብ ኤል መንደብ፣ መግባት አለበት። እዚያ ባሕር ላይ ማን ማንን እንደሚያይና ማን ማንን እንደሚሰማ ማወቅ ይጠቅመናል።

ስለ ራዳር ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ማየቱ ነው። እኔ ስለ ማድመጡ ልጻፍ። ታሪኩን ስከታተል ደጋግሞ ያስገረመኝ አንድ ነገር አለ። በባሕር ጦርነት የጠላትን ራዳር የሰማ ሁሉ አልተረፈም። ብዙዎች የጠፉት ማድመጫ መሣሪያ እጃቸው ላይ እያለ ነው። የሰሙትን ድምፅ፣ አንዳንዴም የሰሙትን ዝምታ፣ ባልሆነ መንገድ ተረጎሙት።

መጀመሪያ የነገሩን አሠራር እንይ። ራዳር የሬዲዮ ሞገድ ይልካል። ሞገዱ ብረት ሲያገኝ ይነጥራል። ከነጠረው ጥቂቱ ተመልሶ ሲመጣ ራዳሩ ርቀቱንና አቅጣጫውን ያነባል። ደርሶ መልስ ጉዞ ነው። አድማጩ ግን የሚፈልገው መሄጃውን ብቻ ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ለአድማጩ የሚደርሰው ጉልበት ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ወደ ራዳሩ የሚመለሰው ማሚቶ ግን ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው የሚወርደው። በጨለማ ሜዳ ላይ የእጅ ባትሪ ያበራ ሰው ፊቱ ያለውን ጥቂት ሜትር ያያል፤ እሱን ግን ከማዶ ኮረብታ ያለ ሁሉ ያየዋል። ስለዚህ ጥሩ ማድመጫ ያለው መርከብ ራዳሩ ሳያገኘው በፊት ራዳሩን ያገኘዋል። ይህ በወረቀት ላይ ነው። ባሕር ላይ ግን ነገሩ አልጋ በአልጋ አልነበረም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ከፈረንሳይ ምዕራባዊ ወደቦች እየተነሱ በቢስኬይ ባሕረ ሰላጤ በኩል ወደ አትላንቲክ ይወጡ ነበር። የዚያ ዘመን ሰርጓጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፈው ከውሃ በላይ ነው። ከውሃ በታች የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው፤ ኤሌክትሪኩ ያልቃል። ለመሙላት ብቅ ብሎ የናፍጣ ሞተሩን ማስነሳት ግድ ነው። ይህን የሚያደርጉት በሌሊት ነበር። ጨለማው ከለላቸው ነበር።

በጁን 1942 ያ ከለላ ተገፈፈ። የእንግሊዝ ዌሊንግተን አውሮፕላኖች የሞገድ ርዝመቱ 1.5 ሜትር ገደማ የሆነ ራዳር ይዘው በሌሊት መጡ። ራዳሩ ሰርጓጁን ከሩቅ ያገኘዋል። በጣም ሲቀርቡ ግን የባሕሩ ማዕበል ራሱ እየነጠረ ምስሉን ያበላሸዋል። ለዚያች ለመጨረሻዋ ርቀት ሀምፍሪ ሊ የተባለ የአየር ኃይል መኮንን ግዙፍ የፍለጋ መብራት አውሮፕላኑ ላይ እንዲገጠም አደረገ። ጁን 4 ሌሊት ሉዊጂ ቶሬሊ የተባለው የጣሊያን ሰርጓጅ በድንገት በቀን ብርሃን ውስጥ የቆመ ያህል ሆነ። በዚህ መንገድ የተጠቃ የመጀመሪያው እሱ ነበር።

ጀርመኖች ፈጥነው መልስ አገኙ። በኦገስት 1942 ሜቶክስ የሚባል መቀበያ ሰርጓጆቹ ላይ መግጠም ጀመሩ። ስሙ የፓሪስ ፋብሪካ ስም ነው። አንቴናው በጣም ተራ ነገር ነበር። ሽቦ የተዘረጋበት የእንጨት መስቀል ነው፤ መርከበኞቹ «የቢስኬይ መስቀል» ይሉት ነበር። ሰርጓጁ ብቅ ባለ ቁጥር አንድ ሰው መስቀሉን ታቅፎ በመሰላሉ ይወጣል። ላይ፣ መኮንኖቹ የሚቆሙበት ቦታ ላይ፣ ያቆመዋል። ገመዱ በመውጫው ቀዳዳ አልፎ እስከ ሬዲዮ ክፍሉ ይወርዳል። ታች ያለው ሬዲዮ ኦፕሬተር ጆሮ ማዳመጫ አጥልቆ ቁልፉን ቀስ እያለ ያዞራል። ላይ ያለው ደግሞ መስቀሉን በእጁ ያዞራል። ማዳመጫው ውስጥ ድምፅ ሲመጣ «ራዳር!» ይባላል። ያኔ መስቀሉን ነቅሎ፣ ገመዱን ስቦ፣ ሁሉንም ወደ ውስጥ ጨምሮ መክደኛውን መዝጋት ነው። መክደኛው ሳይዘጋ መስመጥ አይቻልም። ያ ሁሉ በሰኮንዶች ውስጥ መሆን ነበረበት።

ሜቶክስ ሠራ። በ1942 መጸው ላይ በቢስኬይ የሚጠፉት ሰርጓጆች ቁጥር ቀነሰ። ድምፁ ሲሰማ ይሰምጣሉ፤ አውሮፕላኑ ሲደርስ ባሕሩ ባዶ ነው። ጆሮው ዓይኑን አሸነፈው። ችግሩ የመጣው ጀርመኖች መሣሪያውን ማመን ሲጀምሩ ነው።

በ1940 መጀመሪያ በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ጆን ራንዳልና ሃሪ ቡት የተባሉ ሁለት የፊዚክስ ሰዎች ማግኔትሮን የሚባል የብረት እቃ ሠርተው ነበር። በጣም አጭር ሞገድ በትልቅ ጉልበት ማመንጨት ይችላል። በእሱ ላይ ተመሥርቶ የሞገድ ርዝመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ የአውሮፕላን ራዳር ተሠራ። በ1943 የመጀመሪያ ወራት ያ ራዳር ቢስኬይ ላይ መብረር ጀመረ። ሜቶክስ ደግሞ የተሠራው ከዚያ በብዙ እጥፍ የሚረዝሙ ሞገዶችን ለመስማት ነው።

እስቲ ያንን ሬዲዮ ኦፕሬተር አስቡት። ማዳመጫውን አጥልቋል። ቁልፉን ያዞራል። ምንም ድምፅ የለም። ለአዛዡ «ሰላም ነው» ይላል። አልዋሸም። እሱ በሰማው ልክ ሰላም ነው። አውሮፕላኑ ግን ከላዩ ነው።

የሚያሳዝነው ደግሞ መልሱ እጃቸው ገብቶ ነበር። በፌብሩዋሪ 1943 መጀመሪያ በሮተርዳም አቅራቢያ አንድ የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ ተመትቶ ወደቀ። ከስብርባሪው ውስጥ አዲሱ የአጭር ሞገድ ራዳር ተገኘ። ጀርመኖች «የሮተርዳም መሣሪያ» ብለው ሰየሙት፤ ፈትተውም አጠኑት። ሆኖም ያንን ሞገድ የሚሰማው ናክሶስ የተባለው መቀበያ ሰርጓጆቹ ላይ የደረሰው በዚያው ዓመት መጸው ነው። ያም ቢሆን የሚሰማው ከቅርብ ርቀት ነበር። በመካከሉ ሜይ 1943 መጣ። በዚያች አንድ ወር ከ40 በላይ ሰርጓጆች ጠፉ። ሜይ 24 ላይ አድሚራል ካርል ዶኒትዝ ሰርጓጆቹን ከሰሜን አትላንቲክ አነሳ። ይህን ሁሉ ያመጣው ራዳር ብቻ ነው ማለት አይቻልም። የተፈታው የጀርመን የሚስጥር ኮድ፣ የሬዲዮ አቅጣጫ ጠቋሚዎች፣ ረጅም ርቀት የሚበሩ አውሮፕላኖች ሁሉም ድርሻ ነበራቸው። የማይሰማ ራዳር ግን ከዋናዎቹ አንዱ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለእኔ ከሁሉም የበለጠ ትምህርት ያለው ነው። በ1943 የአውሮፓ በጋ አንድ የተማረከ እንግሊዛዊ በራሪ ለመርማሪዎቹ፣ አውሮፕላኖቻችን የሚመሩት ከሜቶክስ ራሱ በሚወጣ ሞገድ ነው አላቸው። ሲፈትሹት እውነትም ሜቶክስ ትንሽ ሞገድ ያፈስ ነበር። ይኸው ተገኘ ተባለ። በኦገስት ሜቶክስ እንዲዘጋ ትዕዛዝ ወጣ። እንግሊዞች ግን በሜቶክስ ሞገድ እየተመሩ አልነበረም፤ በ10 ሴንቲ ሜትሩ ራዳር ነበር የሚመሩት። አንድ ከፊል እውነት የያዘ ወሬ የአንድን ባሕር ኃይል መሐንዲሶች ትኩረት ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደው።

እንግሊዞችም በዚህ አላቆሙም። አሮጌውን ራዳር ለያዙት አውሮፕላኖች «ቪክሰን» የሚባል ነገር ሠሩ። አውሮፕላኑ ወደ ሰርጓጁ በቀረበ ቁጥር የራዳሩን ጉልበት ቀስ በቀስ ይቀንሳል። አድማጩ ድምፁ እየጠነከረ ካልመጣ አውሮፕላኑ እየቀረበ አይደለም ብሎ ያስባል። ሰዎች ድምፅን እንዴት እንደሚተረጉሙ አውቆ በዚያው መንገድ መግባት ይሉሃል ይህ ነው።

የተገላቢጦሹም ደርሷል። በሜይ 1941 ቢስማርክ የተባለው የጀርመን ግዙፍ የጦር መርከብ ሁድ የተባለውን የእንግሊዝ የጦር መርከብ ካሰመጠ በኋላ ሰፎክ የተባለ ሌላ የእንግሊዝ መርከብ በራዳር እየተከታተለው ነበር። ሜይ 25 ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቢስማርክ ከሰፎክ ራዳር ጠፋ። ቢስማርክ አምልጦ ነበር። አዛዡ አድሚራል ጉንተር ሉትየንስ ግን ማምለጡን አላወቀም። ብዙ የታሪክ ሰዎች የሚሰጡት ማብራሪያ እንዲህ ነው፦ ቢስማርክ ላይ የእንግሊዞቹ ራዳር ሞገድ አሁንም ይሰማ ነበር፤ ማሚቶው ግን ወደ ሰፎክ ለመመለስ አቅም አልነበረውም። ሉትየንስ ስለሰማ ብቻ እንደታየ አመነ። ከታየሁ ዝም ማለቴ ምን ይጠቅመኛል ብሎ ከግማሽ ሰዓት በላይ የፈጀ የሬዲዮ መልእክት ወደ አገሩ ላከ። እንግሊዞች የጠፋባቸውን መርከብ አቅጣጫ ያገኙት ከዚያ መልእክት ነው። መጀመሪያ ካርታው ላይ ሲያሰሉ ቢሳሳቱም በማግስቱ አንድ ካታሊና አውሮፕላን ቢስማርክን በዓይኑ አየው። ሜይ 27 መርከቡ ሰመጠ። ከ2,200 በላይ ከሚሆኑት ሰዎች የተረፉት 115 ገደማ ናቸው።

ሰርጓጆቹ የሞቱት ምንም ስላልሰሙ ነው። ቢስማርክ ደግሞ በሰማው ተጎዳ።

ማድመጥ በልኩ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ወደ ፊሊፒንስ ይሂድ። በፌብሩዋሪ 1945 ባትፊሽ የተባለው የአሜሪካ ሰርጓጅ ከሉዞን ደሴት በስተሰሜን ያደባ ነበር። አዛዡ ጆን ፋይፍ ይባላል። ጃፓኖች ሉዞን ላይ የቀሩ አብራሪዎቻቸውን ለማውጣት ሰርጓጆችን ወደዚያ ልከው ነበር። ፌብሩዋሪ 9 ሌሊት የባትፊሽ መቀበያ በ158 ሜጋኸርትዝ ላይ የራዳር ድምፅ ያዘ። አሜሪካኖቹ የጃፓን ሰርጓጆች በዚያ ፍሪኩዌንሲ ግድም እንደሚሠሩ ያውቁ ነበር። የባትፊሽ የራሱ ራዳር ደግሞ ባለ 10 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በጃፓን ሰርጓጆች ላይ ያለው መቀበያ አይሰማውም። ፋይፍ በድምፁ ተመርቶ ቀረበ። የመጀመሪያዎቹ ቶርፔዶዎች ሳቱ። ዞሮ እንደገና ቀርቦ መታ። ፌብሩዋሪ 11 ሌሊት እንደገና ያው 158 ተሰማ። ያኛው ሰርጓጅ መሃል ላይ ወደ ውሃ ውስጥ ጠለቀ፤ ድምፁም ተቋረጠ። ባትፊሽ ጠበቀ። ጃፓኑ ተመልሶ ብቅ ሲል ራዳሩን ከፈተ። ድምፁ ተመለሰ፤ ቦታውም ታወቀ። እሱም ተመታ። ፌብሩዋሪ 13 ሦስተኛው። በአራት ቀን ውስጥ ሦስት ሰርጓጅ።

የፋይፍ ብልጫ መሣሪያው ብቻ አልነበረም። የሰማው ድምፅ የማን እንደሆነ ያውቃል። ባላጋራው የእሱን ድምፅ እንደማይሰማም ያውቃል። ድምፁ ሲቋረጥም «ሄደ» አላለም፤ ለምን እንደተቋረጠ አሰበ።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ የሼፊልድ ታሪክ አለ። ሜይ 4 ቀን 1982፣ የፎክላንድ ጦርነት። ሼፊልድና ግላስጎው አንድ ዓይነት የእንግሊዝ መርከቦች ናቸው። ሁለቱም ላይ ያለው የራዳር ማድመጫ አንድ ነው። ሁለት የአርጀንቲና ሱፐር ኤታንዳር አውሮፕላኖች ባሕሩን ሊነኩ በሚያህል ዝቅታ እየበረሩ መጡ። ለጥቂት ሰኮንዶች ከፍ ብለው ራዳራቸውን አበሩና ተመልሰው ዝቅ አሉ። ግላስጎው ላይ ያለው ኦፕሬተር ያዘው። ለዚያ ራዳር የተሰጠው የሚስጥር ቃል «ሃንድብሬክ» ነበር፤ ቃሉ በሬዲዮ ተላለፈ። የአየር መከላከሉን የሚያስተባብረው ኢንቪንሲብል ግን አላመነም። በእነዚያ ቀናት ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ደጋግሞ መጥቶ ሐሰት ሆኖ ነበር። ሰው ሲሰለች ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል።

ሼፊልድስ? በዚያ ሰዓት በሳተላይት ወደ አገር ቤት መልእክት እያስተላለፈ ነበር። የሳተላይት ማሰራጫው ሞገድ የመርከቡን ማድመጫ ያውከዋል። ጆሮ የነበረው መርከብ በራሱ ንግግር ደነቆረ። ግላስጎው ሚሳኤል የሚያሳስት የብረት ብናኝ ወደ አየር ተኮሰ። ሼፊልድ አልተኮሰም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ኤግዞሴት ሚሳኤል ጎኑን መታው። 20 ሰዎች ሞቱ። መርከቡ እየተጎተተ ሳለ ሜይ 10 ላይ ሰመጠ።

ይህን ሳነብ መሣሪያው ላይ ጣት መቀሰር ይከብደኛል። ቢያንስ አንዱ መርከብ ላይ መሣሪያው ሠርቷል፤ ኦፕሬተሩም ሠርቷል። የተሰበረው ከኦፕሬተሩ እስከ አዛዡ ያለው መንገድ ነው።

ዛሬ የጦር መርከቦች ማድመጫ እንደ ሜቶክስ አንድ ጆሮ ማዳመጫ አይደለም። ሞገዱ ሲደርስ ፍሪኩዌንሲውን፣ የእያንዳንዱን ምት (ራዳሩ እየቆራረጠ የሚልከውን ሞገድ) ርዝመት፣ በምቶቹ መካከል ያለውን ጊዜ፣ አንቴናው በስንት ሰኮንድ አንዴ እንደሚዞር ይለካል። ከዚያ ከመረጃ ቋት ጋር ያስተያያል። «ይህ የዓሣ ጀልባ ራዳር ነው፤ ያ ደግሞ የሚሳኤል ነው» ይላል። ቋቱ ውስጥ የሌለ ራዳር ከመጣ ግን ኦፕሬተሩ ተመልሶ የ1943ቱ ቦታ ላይ ነው። ለዚህ ነው ባሕር ኃይሎች በሰላሙ ጊዜ ዓመቱን ሙሉ አንዱ የሌላውን ራዳር ሲቀዱ የሚውሉት። ለዚህም ነው ለጦርነት ጊዜ ብቻ የሚያስቀምጡት፣ በልምምድ የማያበሩት የራዳር አሠራር ያላቸው። አንዳንድ አዳዲስ ራዳሮች ደግሞ ጉልበታቸውን በሰፊ ፍሪኩዌንሲ ላይ በትነው በሹክሹክታ ይሠራሉ። አድማጩ ከተራ ጫጫታ ሊለያቸው ይቸገራል።

ማድመጡ አሁን ወደ ሕዋም ወጥቷል። ሆክአይ 360 የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ሦስት ሦስት ሆነው የሚበሩ ትንንሽ ሳተላይቶችን ያመጥቃል። አንድ መርከብ ራዳሩን ሲያበራ ሞገዱ ለሦስቱ ሳተላይቶች የሚደርሰው በትንሽ የጊዜ ልዩነት ነው። ከዚያ ልዩነት የመርከቡ ቦታ ይሰላል። የፈረንሳዩ አንሲንላብስም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ይህ የጦር ኃይሎች ብቻ ጉዳይ አይደለም። ማንኛውም ጠቅላላ መጠኑ ከ300 ቶን የሚበልጥ ዓለም አቀፍ የንግድ መርከብ በዓለም አቀፍ ደንብ ራዳር ሊኖረው ይገባል። ትላልቆቹ ሁለት ይይዛሉ፤ አንደኛው በባለ 3 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ በባለ 10 ሴንቲ ሜትር ሞገድ ነው። በሜይ 1943 ሰርጓጆቹ ሊሰሙት ያልቻሉት ሞገድ ዛሬ የብዙ ትላልቅ የንግድ መርከቦች ዕለታዊ መሣሪያ ሆኗል።

የየመን ታጣቂዎች የሆኑት ሁቲዎች በኖቬምበር 2023 መርከቦችን ማጥቃት ከጀመሩ ወዲህ በቀይ ባሕር የሚያልፉ አንዳንድ ካፒቴኖች ማንነታቸውንና ቦታቸውን የሚያሳውቀውን መሣሪያ ያጠፋሉ። ራዳሩን ማጥፋት ግን አይደፍሩም። በሌሊት በዚያ ጠባብ መተላለፊያ ራዳር የሌለው ትልቅ መርከብ ከሌላ መርከብ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ስለዚህ ተደብቄያለሁ የሚለው መርከብ የሚሰማ ጆሮ ላለው አልተደበቀም። ነዳጅና ማዳበሪያ ጭኖ ወደ ጅቡቲ የሚመጣው መርከብም ያው ነው።

ኢትዮጵያ ከዓመታት በፊት ያፈረሰችውን ባሕር ኃይል እንደገና እያቋቋመች ነው፤ በማርች 2019 ከፈረንሳይ ጋር በዚሁ ጉዳይ ተስማምታ ነበር። ውይይቱ ብዙ ጊዜ ስለ ወደብና ስለ መርከብ ነው። ስለ አድማጮቹ የሚያነሳ አልሰማሁም፤ ሊነሳ ይገባል ብዬ አምናለሁ። ጅቡቲ ላይ የአሜሪካ፣ የፈረንሳይ፣ የቻይና፣ የጃፓንና የጣሊያን ወታደራዊ ሰፈሮች አሉ። በዚያ ውሃ የሚመላለሱት የጦር መርከቦቻቸው ማድመጫ አላቸው። መቀበያ መሣሪያ ገንዘብ ያለው ይገዛል። መረጃ ቋቱ ግን ከመሣሪያው ጋር ተሟልቶ አይሸጥም፤ አገሮች ከምስጢራቸው ሁሉ አጥብቀው የሚይዙት እሱን ነው። የሚሞላው ባሕር ላይ ውሎ አድሮ፣ የሰማውን የማን እንደሆነ የሚለይ ኦፕሬተር አሠልጥኖ፣ በዓመታት ነው። ያ ኦፕሬተር «ሰማሁ» ሲል የሚያምነው አዛዥም አብሮ መሠልጠን አለበት።